ዲያዞክሳይድ ወይስ ሌላ? ለስኳር መውረድና ለደም ግፊት መድኃኒት ሲመረጥ

አንድ መድኃኒት ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት ዝቅ ያደርጋል ሲባል ሁለት በሽታ በአንድ ክኒን የሚገላገሉት ይመስላል። ዲያዞክሳይድ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱንም ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ለአንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሁለቱንም እንዲሠራ ተብሎ አይሰጥም። በአፍ የሚወሰደው ለስኳር ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ ለግፊት ነበር። "ነበር" ያልኩት አውቄ ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፣ ምርጫው ሁሉ ከሱ ስለሚመጣ። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሴሎች አሉ። በነዚህ ሴሎች ግድግዳ ላይ ፖታሺየም የሚያልፍባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ሲዘጉ ሴሉ ኢንሱሊን ይለቃል። ዲያዞክሳይድ በሮቹን ከፍቶ ይይዛቸዋል። ኢንሱሊኑ ሳይለቀቅ ይቀራል፣ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቆያል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ግሊቤንክላሚድ የሚሠራው እዚሁ በር ላይ ነው፤ እሱ ግን ይዘጋዋል።

የደም ሥር ጡንቻም የዚህ ዓይነት በር አለው። ሲከፈት ጡንቻው ይላላል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተፈለገውም ለዚህ ነበር። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለግፊት ሲሰጥ የታማሚዎቹ ስኳር እየወጣ አስቸገረ። ለግፊት ታማሚ ጣጣ የነበረው ነገር ስኳሩ ለሚወርድበት ልጅ መድኃኒት ሆነ። በ1964 ሉይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ስኳራቸውን ለሚያወርድባቸው ልጆች መሰጠቱ በሕክምና ጽሑፍ ወጣ። ዛሬም በዋናነት የሚታወቀው በዚሁ ሥራው ነው።

ስኳሩ የወረደው በምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ መድኃኒት ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው። ዲያዞክሳይድ የሚጠቅመው የራሱ የሰውየው ቆሽት ከልክ በላይ ኢንሱሊን ሲለቅ ብቻ ነው።

ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ቢወርድበት ዲያዞክሳይድ ምንም አይፈይድለትም። ተወግቶ የገባን ኢንሱሊን ማንም በር ከፍቶ አይመልሰውም። ለሱ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር ይወስዳል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ከ54 በታች ሲሆን ነገሩ ከበድ ያለ ነው። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጠውም፤ ግሉካጎን (ጉበት ያከማቸውን ስኳር የሚያስወጣ መድኃኒት) ይወጋል ወይም በአፍንጫ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክላል። በጉበት መዳከም፣ በአልኮል፣ ከኩላሊት በላይ ባሉት እጢዎች ችግር የሚመጣ የስኳር መውረድም የየራሱ ሕክምና አለው። እነዚህም የዲያዞክሳይድ ሥራ አይደሉም።

ታዲያ ጥፋተኛው ኢንሱሊን መሆኑ በምን ይታወቃል? ደሙ ስኳሩ በወረደበት ሰዓት ላይ መቀዳት አለበት። ጤነኛ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊኑ ድርሽ አይልም፤ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ይጀምርና ኪቶን ይጨምራል። ስኳሩ ወርዶ ኢንሱሊን ከተገኘ፣ ኪቶን ደግሞ ከሌለ፣ ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። በዚያ ላይ ግሉካጎን ሲሰጥ ስኳሩ በ30 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከዘለለ ጉበት ውስጥ የተከማቸ ስኳር ነበረ፣ ኢንሱሊን ቆልፎበት ነበር ማለት ነው። አራስ ሕፃን ላይ ሌላም ፍንጭ አለ። አንድ አራስ በተለምዶ በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊግራም ስኳር ይበቃዋል። ከ8 በላይ እየገባለትም ስኳሩ አልቆም ካለ ኢንሱሊን ይጠረጠራል።

ይህ የደም ናሙና ያመልጣል። ሁሉም ሰው ተሯሩጦ ስኳር ይሰጣል፤ ስኳሩ ይመለሳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ልጁ ከተረጋጋ በኋላ የተቀዳ ደም ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ስኳር መስጠቱ እንዳይዘገይ ሆኖ ናሙናው ቀድሞ ቢቀዳ በኋላ ብዙ መንከራተት ይቀራል።

ኢንሱሊን በዝቶ ከሆነ፦ ከማን ጋር ይወዳደራል?

ከልደት ጀምሮ ኢንሱሊን ለሚበዛባቸው ሕፃናት የመጀመሪያው ምርጫ ዲያዞክሳይድ ነው። በአፍ ይሰጣል፣ መርፌ የለውም፣ ቤት ውስጥ መቀጠል ይቻላል። በወሊድ ጊዜ ታፍነው ወይም በማህፀን ሳሉ ሳያድጉ ቀርተው ኢንሱሊን የበዛባቸው አራሶች ብዙውን ጊዜ ይመልሱለታል፣ ማለትም መድኃኒቱ ይሠራላቸዋል። ችግራቸውም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃቸዋል። ፕሮቲን ሲበሉ ስኳራቸው የሚወርድባቸው ልጆችም እንዲሁ ጥሩ ይመልሳሉ።

የማይመልሱም አሉ። በሩ ራሱ ከተበላሸ መክፈቻው ምን ይሠራል? በሩን የሚሠሩት ሁለት ጂኖች ኤቢሲሲ8 እና ኬሲኤንጄ11 ይባላሉ። እነዚህ ላይ ከባድ ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ መድኃኒቱ አይነካቸውም። ስለዚህ በበቂ መጠን ተሰጥቶ አምስት ቀን ያህል ለውጥ ካላመጣ ሐኪሞች የጂን ምርመራ ይልካሉ፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። መጠኑን ዝም ብሎ እየጨመሩ መጠበቅ ጥሩ አይደለም። ጥቅሙ አይመጣም፣ ጎጂ ጎኑ ግን ይመጣል።

"ሠርቷል" የሚባለውስ መቼ ነው? ስኳሩ አንድ ቀን ጥሩ ስለታየ አይደለም። ልጁ ለዕድሜው የሚመጥን ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ፣ በደም ሥር ስኳር ሳይገባለት፣ ከ70 በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። ይህ ፈተና ሳይደረግ ወደ ቤት መሄድ አደጋ አለው፤ ሌሊት ያጋልጣል።

ሁለተኛው ተፎካካሪ ኦክትሬኦታይድ ነው። መርፌ ነው፣ ከቆዳ ሥር በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል። የሚሠራው ከበሩ በታች ስለሆነ በሩ የተበላሸባቸውንም ሊረዳ ይችላል። ቶሎ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንደኛ ሰውነት ይለምደውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ አራሶች ላይ አንጀት የሚያበሰብስ ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ ሲቆይ ደግሞ የሐሞት ጠጠር። ለትልልቆች ወር ጠብቆ የሚወጋው ላንሬኦታይድ የመርፌውን ብዛት ያቃልላል። ለአራስ ግን እንዲህ ረጅም የሚቆይ መድኃኒት ደፍሮ መስጠት ከባድ ነው።

ግሉካጎን የሚወዳደር ሳይሆን የሚደግፍ ነው። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ያስወጣል። ሆስፒታል ውስጥ በተከታታይ በደም ሥር ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ዲያዞክሳይድ የሚወስድ ልጅ ቤት ግሉካጎን ቢኖር ደግ ነው። ልጁ የሚያስመልሰው ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ቀን ምግቡም መድኃኒቱም ይወጣል።

ኒፈዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒትም አንዳንድ ቦታ ይሞከራል። ማስረጃው ደካማ ነው፣ እኔ ተስፋ አልጥልበትም። ሲሮሊመስ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ይነሳል፤ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም በቀላሉ የሚገባበት አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ግን ብዙ ሰው "የመጨረሻ አማራጭ" ይለዋል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ችግሩ በቆሽት አንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ ከሆነ ያችን ቁራጭ ማውጣት ልጁን ይፈውሰዋል። ይህን ለመለየት የጂን ምርመራና ኤፍ-ዶፓ የተባለ ልዩ የፔት (የምስል) ምርመራ ያስፈልጋል። ቆሽቱ ሁሉ የታመመ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ማውጣት ከዓመታት በኋላ የስኳር በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የአዋቂዎች ኢንሱሊኖማም እንዲሁ ነው። ይህ ኢንሱሊን የሚለቅ የቆሽት ዕጢ ነው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ነቀርሳ አይደለም። ዕጢው ከወጣ ነገሩ አለቀ። እዚህ ጋ ዲያዞክሳይድ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ መቆያ ነው፤ ወይም ቀዶ ሕክምና ለማይሆንላቸው። ኦክትሬኦታይድ ኢንሱሊኖማ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግሉካጎንንም አብሮ ስለሚያፍን አንዳንዱ ታማሚ ላይ ስኳሩን ይባስ ያወርደዋል። የመጀመሪያው መርፌ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እየተለካ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ቦታ ላይ ኦክትሬኦታይድ ያለ ክርክር ያሸንፋል። ሰው የስኳር በሽታ ክኒን፣ ለምሳሌ ግሊቤንክላሚድ፣ ከመጠን በላይ ወስዶ ስኳሩ ሲወርድ። በፊት ዲያዞክሳይድ ይሰጥ ነበር። አሁን ከስኳር ጋር የሚመረጠው ኦክትሬኦታይድ ነው፤ ግፊት አያወርድም፣ የሚሠራውም በተሻለ አስተማማኝነት ነው።

ዲያዞክሳይድ ከተመረጠ ቤት ውስጥ ምን ይታያል?

መጠኑ ለሕፃናት በቀን ለአንድ ኪሎ ከ8 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ለልጆችና ለአዋቂዎች ከ3 እስከ 8 ሚሊግራም ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ይከፈላል። አራሶች ላይ ብዙ ሐኪሞች ከዚህ ዝቅ ብለው፣ ከ5 አካባቢ፣ ይጀምራሉ። ፈሳሹ በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ይዟል።

እስቲ እናስላው። 4 ኪሎ የሆነች ሕፃን በኪሎ 10 ሚሊግራም ብትወስድ በቀን 40 ነው። ለሦስት ሲካፈል በአንድ ጊዜ 13 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። በፈሳሽ ሲለካ ከ0.27 ሚሊሊትር አይበልጥም። ጠብታዎች ናት። በአንድ ሚሊሊትር የአፍ ስሪንጅ እንጂ በማንኪያ የሚለካ አይደለም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 250 ሚሊግራም ነው፣ የስድስት ቀን ያህል መጠን። ጠርሙሱ ካልተናጠ ደግሞ መድኃኒቱ ሥር ይዘቅጣል። ከላይ የቀዳው ሰው ቀጭኑን ይሰጣል፣ ሲያልቅ ወፍራሙን። ሳምንቱን ሙሉ ስኳሩ ዝቅ ብሎ መጨረሻ ላይ የሚዘል ልጅ ካለ፣ መጠኑ ከመቀየሩ በፊት ጠርሙሱ እንዴት እንደሚናጥ መጠየቅ ነው። ብርሃንም አይወድም፣ በዕቃው ውስጥ ይቀመጥ።

ትልቁ ጣጣ ውኃ መያዙ ነው። በኬሚካል ቤተሰቡ ሽንት ከሚያበዙት ከታያዛይዶች ጋር ይዛመዳል፣ ጠባዩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ልጁ ያብጣል፣ ክብደቱ በድንገት ይጨምራል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ክሎሮታያዛይድ አብሮ የሚታዘዘው። እነሱ ውኃውን ያስወጣሉ፣ ስኳሩንም በመጠኑ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ልባቸው ደካማ የሆኑ ሕፃናት ግን በጣም መጠበቅ አለባቸው። በ2015 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አራሶችና ሕፃናት ላይ የሳንባ ደም ሥር ግፊት እንደሚያስነሳ አስጠንቅቋል። ያኔ የተመዘገቡት 11 ሕፃናት ነበሩ። ሲቆም ተሻሽሏል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ ልብን በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ማየት የተለመደ ነው። ሕፃኑ ሲተነፍስ አፍንጫው እየተከፈተ ቢያቃስት፣ ከንፈሩ ቢጠቁር፣ ጡት አልይዝ ቢል፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሌላው ፀጉር ነው። ግንባር፣ ጀርባ፣ ክንድ ላይ ይበቅላል። ጤና አይጎዳም፣ ወላጅን ግን በጣም ይረብሻል፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅንም እንዲሁ። መድኃኒቱ ሲቆም በጊዜ ይረግፋል። አስቀድሞ ያልተነገራቸው ወላጆች ፈርተው መድኃኒቱን በራሳቸው ሲያቋርጡ አደጋ ይመጣል፤ እኔ ከቃላት ሁሉ በፊት ይህ ቢነገራቸው እላለሁ። የምግብ ፍላጎት መቀነስና ማቅለሽለሽም አለ። ደም ደግሞ በየጊዜው ይታያል፣ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል) ሊቀንስ፣ ዩሪክ አሲድ ሊጨምር ስለሚችል።

ስኳሩ ከልክ በላይ ቢወጣስ? ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ልጁ ሌላ ሕመም ሲይዘው። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ አዋቂ ላይ ግማሹ እስኪወጣ ከ20 እስከ 36 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ቢቆም ስኳሩ ዛሬውኑ አይስተካከልም፤ ቀናት መከታተል ይጠይቃል። ፌኒቶይን ለሚጥል በሽታ የሚወስድ ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ይናገር፣ ዲያዞክሳይድ የፌኒቶይንን መጠን ደም ውስጥ ያወርደዋል።

ለግፊትስ?

እዚህ አጭር ልሁን። ለግፊት ዛሬ ዲያዞክሳይድን የሚመርጥበት ምክንያት ያለው ሐኪም ብዙም የለም።

በ1970ዎቹ በደም ሥር የሚሰጠው ዲያዞክሳይድ፣ በንግድ ስሙ ሃይፐርስታት፣ ለድንገተኛ ከፍተኛ ግፊት ትልቅ ነገር ነበር። 300 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ፣ በፍጥነት ይገፋ ነበር። ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ግን ይዘቅጣል። አንዴ ከገባ ደግሞ መመለሻ የለውም፣ ለሰዓታት ይሠራል። አእምሮና ልብ ደም አጥተው ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰባቸው ታማሚዎች ነበሩ። በኋላ በኪሎ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም እየተከፋፈለ መሰጠት ጀመረ። ያም ሆኖ የተሻሉ መጡ።

ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ አካል እየጎዳ ያለ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ከሩብ በላይ እንዲወርድበት አይፈለግም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር። ይህን ለማድረግ መጠኑ ከፍና ዝቅ የሚል መድኃኒት ያስፈልጋል። ኒካርዲፒን በሰዓት ከ5 ሚሊግራም ይጀምርና በ2.5 እየጨመረ እስከ 15 ይሄዳል፤ ግፊቱ በዛ ወረደ ከተባለ ይቀነሳል። እኔን ቢጠይቁኝ ለአብዛኛው ታማሚ የሚመቸው ይህ ነው። ላቤታሎልም ጥሩ ነው፣ አስም ላለበትና ልቡ በዝግታ ለሚመታ ግን አይሆንም። ሶዲየም ኒትሮፕሩሳይድ በሰከንዶች ይሠራል፣ በደቂቃዎች ይለቃል፤ ሲቆይ ግን ሳያናይድ ያከማቻል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ይፈልጋል። ሃይድራላዚን ምን ያህል እንደሚያወርድ አስቀድሞ አይገመትም፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን አሁንም ይሠራበታል፣ ከላቤታሎልና በአፍ ከሚሰጥ ኒፈዲፒን ጎን። ዲያዞክሳይድ በምጥ ላይ ማህፀንን አላልቶ ምጡን ያቆማል፤ ለነፍሰ ጡር የተተወበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሚኖክሲዲል የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። እሱም የፖታሺየም በር ይከፍታል፣ እሱም ውኃ ይይዛል፣ እሱም ፀጉር ያበቅላል፤ ለራሰ በራ ቅባት ሆኖ የተሸጠው በዚሁ ነው። በአፍ የሚወሰደው ሌላው አልሆን ላለ ግፊት ይሰጣል፣ ሽንት ከሚያበዛና የልብ ምት ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር። ቆሽት ላይ ብዙም ስለማይሠራ እንደ ዲያዞክሳይድ ስኳር አያናጋም።

ሁለቱም ያለበት ሰው

ግፊት ያለበትና ስኳሩም የሚወርድበት ሰው "ይህ ለኔ የተሠራ ነው" ቢል አይፈረድበትም። ግን በአፍ የሚወሰደው ዲያዞክሳይድ ለስኳር በሚሰጥበት መጠን ግፊትን እምብዛም አያወርድም። ውኃ ስለሚይዝ እንዲያውም የግፊቱን ነገር ሊያከብደው ይችላል። ሌላ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የዚያን ጉልበት ሊጨምርበት ይችላል፤ ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። በተግባር ሁለቱ ችግሮች ለየብቻ ይታከማሉ።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በብዛት የሚነሳው ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ግፊትም ያለበት የስኳር ሕመምተኛ ላይ ነው። ለሱ ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን፣ ወይም አምሎዲፒን ከስኳር ጋር አይጣሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ለሚታይበት ኩላሊቱንም ይጠብቁለታል። ፕሮፕራኖሎል ግን ይጠንቀቁት። ስኳር ሲወርድ ልብ መምታቱ፣ እጅ መንቀጥቀጡ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፕሮፕራኖሎል ይህን ምልክት ይደብቀዋል፣ ስኳሩም ቶሎ እንዳይመለስ ያደርጋል። ማላቡ ግን አይጠፋም። ፕሮፕራኖሎል እየወሰዱ ያለ ምክንያት ካላበዎ፣ ልብዎ ባይመታም፣ ስኳርዎን ይለኩ።